የድሮ የአክሰስ ኤምዲቢ ፋይል በፓይተን ማንበብ፦ ድራይቨሩ፣ የድሮው ፎንትና የኛ ቀን

የአዘዞው መጋዘን፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አዘዞ ያለ የእህልና የሰሊጥ መጋዘን መዝገብ ነው ጉዳዩ። ገቢና ወጪው የሚያዘው በቪዥዋል ቤዚክ 6 በተሠራ የቆየ ፕሮግራም ነው። ሶርስ ኮዱ የለም፣ የጻፈውም ሰው አይገኝም። ዳታው በሙሉ አንድ የኤምዲቢ (የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ) ፋይል ውስጥ ነው፤ 340 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፋይሉ የተቀመጠው ዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽን ላይ ሼር በተደረገ ፎልደር ውስጥ ሲሆን ሌላ አንድ ኤክስፒና አንድ ዊንዶውስ 7 በኔትወርክ ይከፍቱታል።

በየሳምንቱ የየደንበኛውን ቀሪ ሂሳብና የገባውን ኩንታል በስክሪፕት አውጥቼ ወደ ኤክሴል መላክ እፈልጋለሁ። ቆይቶ ደግሞ ሁሉንም ወደ አዲስ ዳታቤዝ ማዛወር ይኖራል። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት ነው፤ ፓይተን 3.11 እና ፓይኦዲቢሲ (ፓይተንን በኦዲቢሲ መንገድ ከዳታቤዝ የሚያገናኝ ላይብረሪ) ተጭኗል። ፋይሉን በፍላሽ አምጥቼ ለመክፈት ስሞክር «ዳታ ሶርስ ኔም ኖት ፋውንድ» የሚል፣ ኮዱ አይኤም002 የሆነ ኤረር ይመጣል። የ2016ቱን የአክሰስ ኢንጂን (የአክሰስ ፋይል የሚያነበውን ሶፍትዌር) በ64 ቢት ስጭን ያ ኤረር ይጠፋና በምትኩ ፋይሉ በቀድሞ ቨርዥን የተሠራ ስለሆነ አልከፍተውም ይላል። ምን ልጫን?

ጃንተከል፦

ወንድም ዓለም፣ ሁለቱ ኤረሮች የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

የመጀመሪያው የቢት ጉዳይ ነው። 64 ቢት የሆነ ፕሮግራም 32 ቢት የሆነ ድራይቨር (ፕሮግራሙን ከፋይሉ ጋር የሚያገናኝ አስተርጓሚ) መጠቀም አይችልም። ዊንዶውስ 10 ሲጫን ጀምሮ ይዞት የሚመጣው የአክሰስ ድራይቨር፣ ማለትም ጄት 4 (ጄት የድሮው የአክሰስ ኢንጂን ስም ነው)፣ በ32 ቢት ብቻ ነው ያለው። ያንተ ፓይተን 64 ስለሆነ ድራይቨሩ አጠገቡ ተቀምጦ አያየውም፤ «የለም» የሚልህ ለዚህ ነው። ሁለተኛው ኤረር ደግሞ እውነተኛው ነው፦ ከ2013 ወዲህ ያሉት የአክሰስ ኢንጂኖች የአክሰስ 97ን ፋይል ማንበብ ትተዋል። ስለዚህ 2016ቱን 32 አድርገህ ብትጭነውም ያው ነው። አራግፈው።

ለማረጋገጥ አክሰስ አያስፈልግህም። ፋይሉን በባይነሪ ከፍተህ የመጀመሪያዎቹን 21 ባይቶች አንብብ። ከዜሮ ስትቆጥር ከ4ኛው ባይት ጀምሮ «ስታንዳርድ ጄት ዲቢ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ 20ኛው ባይት ላይ ያለው ቁጥር ቨርዥኑ ነው። 0 ከሆነ ጄት 3 ነው፣ አክሰስ 97 ማለት። 1 ከሆነ ጄት 4፣ ከአክሰስ 2000 እስከ 2003። 2ና ከዚያ በላይ ከሆነ የ2007ና ከዚያ ወዲህ ያለው ቤተሰብ ነው። ያንተ 0 እንደሚሆን ከኤረሩ ያስታውቃል።

መፍትሔው ምንም ድራይቨር አለመጫን ነው። የፓይተን 3.11ን የ32 ቢት ኢንስቶለር አውርደህ ከ64ቱ ጎን ጫን፤ አይጣሉም። በፓይ ላውንቸር ስትጠራው «3.11-32» ብለህ ትለየዋለህ። ፓይኦዲቢሲን በዚያኛው ፓይተን ፒፕ እንደገና ጫን፣ የ64ቱ አያገለግለውም። ከዚያ ፓይኦዲቢሲ ያለውን «ድራይቨርስ» ፈንክሽን ጥራና ዝርዝሩን አትም። «ማይክሮሶፍት አክሰስ ድራይቨር (*.ኤምዲቢ)» የሚለውን ታያለህ። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ኮፒ አድርገህ ነው ኮኔክሽን ስትሪንጉ (የግንኙነቱ መመሪያ መስመር) ውስጥ በጥምዝ ቅንፍ የምታስገባው፤ በእጅ ሲጻፍ አንዲት ስፔስ ብትጎድል ያው አይኤም002 ይመለሳል። ከኮማ ቀጥሎ ሌላ የፋይል ዓይነት የተጨመረበት ተመሳሳይ ስም ካየህ እሱ የአዲሱ ኢንጂን ድራይቨር ነው፣ አትንካው።

ዲኤስኤን (በስም የተቀመጠ የዳታቤዝ ግንኙነት) በመስኮት ልሥራ ካልክ የዊንዶውስ ፎልደር ስሞች ያሳስቱሃል፦ ሲስተም32 ውስጥ ያለው የኦዲቢሲ ማስተካከያ የ64 ቢቱ ነው፣ ሲስዋው64 ውስጥ ያለው ደግሞ የ32ቱ። ተገልብጦ የተጻፈ ይመስላል ግን እንደዚያው ነው። እኔ ዲኤስኤን ባትሠራ እመርጣለሁ፤ ኮኔክሽን ስትሪንግ ላይ «ዲቢኪው» ብለህ ሙሉ አድራሻውን መስጠት ይበቃል። አድራሻውን አጭርና በላቲን ፊደል አድርገው፣ ሲ ድራይቭ ሥር አንድ ፎልደር ማለት ነው።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ሰው እየሠራበት ያለን ፋይል ኮፒ አታድርግ። ፋይሉ ሲከፈት አጠገቡ በተመሳሳይ ስም ኤልዲቢ የሚባል ትንሽ ፋይል ይፈጠራል፤ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ይጠፋል። ኤልዲቢው እያለ የተወሰደ ኮፒ ግማሹ የድሮ፣ ግማሹ የአዲስ ገጽ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ደግነቱ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ክፋቱም ያ ነው። ማን እንደያዘው ማወቅ ከፈለግህ ኤልዲቢውን በኖትፓድ ክፈተው፦ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 64 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው 32 የማሽኑ ስም ነው። የወጣ ሰው ስምም ግን የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ እዚያው ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ኤልዲቢው ሳይጠፋ ከቀረ ለማጥፋት ሞክር፤ ዊንዶውስ ከከለከለህ አንድ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው።

ፋይሉ «ኤምሲስኦብጀክትስ ላይ የማንበብ ፈቃድ የለህም» ካለህ ደግሞ በዎርክግሩፕ (በአክሰስ የተጠቃሚ ፈቃድ ፋይል) የተጠበቀ ነው። ኤክስፒው ላይ የዎርክግሩፑን ፋይል (ኤምዲደብልዩ) ፈልግና «ሲስተምዲቢ» በሚል ቃል አድራሻውን፣ ከዚያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጨምር። አብዛኛው የዚያ ዘመን ፕሮግራም ይህን አልተጠቀመም።

ራስጌ፦

ሊኑክስ ላይ ላላችሁ ኤምዲቢ ቱልስ ያለ ምንም ድራይቨር ያነበዋል። ኤምዲቢ-ቨር ቨርዥኑን፣ ኤምዲቢ-ቴብልስ የቴብሎቹን ስም፣ ኤምዲቢ-ኤክስፖርት ደግሞ አንዱን ቴብል ሲኤስቪ አድርጎ ያወጣል። የድሮ የግዕዝ ፎንት ያለበት ከሆነ ግን የጄት 3ን ጽሑፍ በኮድ ገጽ 1252 (በዊንዶውስ የላቲን ፊደል ሰንጠረዥ) ነው የሚተረጉመው፤ በዚያ ገጽ ያልተመደቡ ባይቶች ሲገጥሙት ይንተባተባል። ለማየት ጥሩ፣ ለማዛወር ጃንተከል ያለውን ተከተል።

የአዘዞው መጋዘን፦

እግዜር ይስጥልኝ። 20ኛው ባይት 0 ነው፣ በ32 ቢቱም ያለ ችግር ገባ። አሁን ሌላ ሦስት ነገር መጣ።

አንደኛ፣ ደረሰኝ ከሚለው ቴብል ሴሌክት ሳደርግ «ቱ ፊው ፓራሜተርስ፣ ኤክስፔክትድ 1» ይላል። እኔ ፓራሜተር አልሰጠሁም።

ሁለተኛ፣ የደንበኛ ስም የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ጉራማይሌ ሆኖ ይመጣል። ኤክስፒው ላይ በአማርኛ ነው የሚታየው። በዚህ ላይ በስም ግሩፕ ባይ ሳደርግ (መስመሮቹን በስም ስሰበስብ) ከወረቀቱ መዝገብ ያነሰ ሰው ይመጣል፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ዕዳቸው አንድ መስመር ላይ ተደምሮ አየሁ።

ሦስተኛ፣ የቀን ኮለሙ ዴት/ታይም ነው ግን የተሞላው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ 1996፣ 1997 እያለ ይሄዳል።

ጃንተከል፦

አንደኛውን እኔ ልመልስ፣ የፊደሉንና የቀኑን የሚያውቁት ይመጣሉ።

ጄት የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው «እንዲህ የሚባል ኮለም የለም» አይልም፤ «ይሄ ፓራሜተር መሆን አለበት፣ ዋጋውን ስጠኝ» ይላል። ስለዚህ ያ ኤረር ማለት አንድ የኮለም ስም ተሳስቷል ማለት ነው። «ኤክስፔክትድ 3» ቢል ሦስት ስም ተሳስቷል። የኮለሞቹን ትክክለኛ ስም ለማየት «ሴሌክት * ፍሮም [ደረሰኝ] ዌር 1=0» በልና ከከርሰሩ «ዲስክሪፕሽን» ላይ አንብብ። ፓይኦዲቢሲ ለዚህ የራሱ «ኮለምስ» ፈንክሽን አለው፤ አክሰስ ላይ ግን ኮለሙ ማብራሪያ የተጻፈለት ከሆነ በዩኒኮድ ኤረር ይወድቃልና አልመክረውም። ፕራይመሪ ኪይ ጠይቀህም አይመልስልህም፣ ድራይቨሩ አይደግፈውም፤ ኢንዴክሶቹን በ«ስታቲስቲክስ» እይ።

የቴብልና የኮለም ስም ሁሉ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይግባ። «ዴት»፣ «ኔም»፣ «ኖት» የሚባሉ ኮለሞች የድሮ ፕሮግራሞች ውስጥ አይጠፉም፤ ያለ ቅንፍ ጣጣ ናቸው። (ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ብጽፋቸውም ኮዱ ላይ በላቲን እንደሚገቡ መቼም ታውቃለህ።)

አክሰስ ውስጥ ሲሠሩ የለመዱ ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ጥቂት ነገሮች፦ በኦዲቢሲ በኩል የላይክ ምልክት % እና _ ነው፣ ኮከብና ጥያቄ ምልክት አይሠሩም፤ ኤረርም አይሰጥም፣ ባዶ ይመልሳል። «ኤንዚ» የሚለው ፈንክሽን ከአክሰስ ውጭ የለም፤ በ«አይአይኤፍ» እና «ኢዝ ነል» ተካው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጡ ኪዌሪዎች አንዳንዶቹ የፎርም ሳጥን ስለሚጠቅሱ ያንኑ የፓራሜተር ኤረር ይሰጣሉ፤ እነሱን ትተህ በቀጥታ ከቴብሉ አንብብ። እውነት የሚለው ዋጋ -1 ነው እንጂ 1 አይደለም፣ ስትደምር ምልክቱን አስብ። ሜሞ (የረጅም ጽሑፍ) ኮለም ላይ ዲስቲንክት ወይም ግሩፕ ባይ ካደረግህ ጽሑፉ 255 ፊደል ላይ ይቆረጣል። ቀን ስትፈልግ በ# መሐል በእጅ አትጻፍ፣ ጄት በቅድሚያ ወር/ቀን/ዓመት አድርጎ ነው የሚያነበው፤ በጥያቄ ምልክት ፓራሜተር አድርገህ ስጠው።

ቀሃ ማዶ፦

ስለ ፊደሉ። ዳታህ አልተበላሸም፣ ሁሉም አለ።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 (እንደ ፈረንጆቹ) በወጣው ቨርዥን 3.0 ነው፤ ከ4608 እስከ 4991 ባለው ክልል ላይ ተቀመጠ። አክሰስ 97 ደግሞ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው የሚመድበው፣ ከ0 እስከ 255። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ያደረጉት የላቲኑን ኮድ ይዘው በፎንቱ ላይ የግዕዝ ቅርጽ መሳል ነው። ፋይሉ ውስጥ የላቲን ኮድ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ፎንቱ አማርኛ ያስመስለዋል። ላንተ ላፕቶፕ ፎንቱ ስለሌለው እርቃኑን ታየህ።

እያንዳንዱ የፎንት ቤተሰብ የየራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ የፓወር ግዕዝን ሰንጠረዥ የቪዥዋል ግዕዝ ጽሑፍ ላይ ብትጭን ሌላ ጉራማይሌ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ፎንት እንደሆነ እወቅ። ኤክስፒው ላይ የፎንትስ ፎልደሩን ክፈትና ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን የቲቲኤፍ ፋይል ኮፒ አድርግ። ከዚያ ከ33 እስከ 255 ያለውን እያንዳንዱን ኮድ በዚያ ፎንት አንድ ገጽ ላይ አትምና የሚታየውን ፊደል ከጎኑ ጻፍ። ሰንጠረዥህ እሱ ነው። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከኢንተርኔት የተገኘ ሰንጠረዥ ካለም ከዚህ ገጽ ጋር ሳይነጻጸር አይታመንም። በአንዳንዱ ፎንት አንድ ፊደል ከሁለት ኮድ ነው የሚሠራው፦ መሠረቱ አንድ ኮድ፣ የግራ ወይም የቀኝ ቅጥያው ሌላ ኮድ። ስለዚህ ስትተካ ከረጅሙ ጀምር፤ መጀመሪያ ሁለት ኮድ ያላቸውን ፈልግ፣ ከዚያ አንዱን። ተቃራኒውን ካደረግህ ሳልሱና ራብዑ ሁሉ ግዕዝ ሆኖ ቅጥያው ብቻውን ይንጠለጠላል።

አሁን ወጥመዱ። ጄት 4 ጽሑፉን ለፓይተን ሲሰጥ ከኮድ ገጽ 1252 ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ነው። ስለዚህ ከ128 እስከ 159 የነበሩት ባይቶች በሌላ ቁጥር ይመጣሉ፤ ለምሳሌ 153 የነበረው 8482 ሆኖ ታገኘዋለህ። ሰንጠረዥህ በባይት ስለሆነ መልሰህ ወደ ባይት ማውረድ አለብህ። የፓይተን ሲፒ1252 ደግሞ አምስት ቦታዎችን አያውቅም፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ዊንዶውስ እነዚህን እንዳሉ ነው የሚያሳልፋቸው፣ ፓይተን ግን ኤረር ይሰጣል። የኛ ፎንቶች ቦታ ስለሚጠባቸው እነዚህንም ሊጠቀሙ ይችላሉ። መላው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ካራክተር ቁጥሩ ከ256 በታች ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ ውሰድ፣ ካልሆነ በሲፒ1252 ኢንኮድ አድርግ። «ኢግኖር» ወይም «ሪፕሌስ» የሚለውን አማራጭ በፍጹም አትጠቀም፤ ፊደል እየበላ ዝም ይላል።

ሁሉንም ኮለም በጅምላም አትቀይር። የታርጋ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ በእውነተኛ እንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ካለ ቀያሪው ያንንም ግዕዝ አድርጎ ያበላሸዋል። ኮለም በኮለም ወስን። በሰንጠረዥህ ያልተገኘ ባይት ሲያጋጥም ደግሞ ከነብዛቱ ይመዝገብ፤ አንድ ባይት ሺህ ጊዜ ከመጣ የጎደለ ፊደል ነው፣ ሁለት ጊዜ ከመጣ የጸሐፊ ስህተት ነው።

የተደመሩት ሰዎች ጉዳይ ከሁሉ ይከፋል። ጄት ጽሑፍ ሲያወዳድር ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ለእንግሊዝኛ ደግ ነው። በድሮው ፎንት ግን ትልቁና ትንሹ ላይ ሁለት የተለያዩ የግዕዝ ፊደሎች ናቸው የተቀመጡት። «ለ» ትንሹ ላይ፣ «ሰ» ትልቁ ላይ ቢያርፉ ታደለ እና ታደሰ ለጄት አንድ ሰው ናቸው። ግሩፕ ባይ ይደምራቸዋል፣ ዲስቲንክት አንዱን ይውጣል፣ ዌር ሁለቱንም ያመጣል፣ ጆይን ዕዳውን ለሁለቱም ያድላል። ስሙ ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ ካለማ ታደሰን መመዝገብ ራሱ አይቻልም ነበር፤ ስም ጫፍ ላይ ያለ ቦታው ነጥብ ወይም ቁጥር ካየህ ጸሐፊው ያንን ለማለፍ ያደረገው ነው። ኦርደር ባይም በላቲኑ ተራ ስለሚሄድ ለኛ ትርጉም የለውም።

ስለዚህ በስም የሚሠራ ምንም ነገር ጄት ላይ አትሥራ። ቴብሎቹን እንዳሉ፣ ያለ ግሩፕና ያለ ጆይን፣ ወደ ኤስኪውላይት (አንድ ፋይል የሆነ ትንሽ ዳታቤዝ) አምጣ። ኤስኪውላይት ላይ እኩል ምልክትና ግሩፕ ባይ በነባሪው ትልቅና ትንሽ ይለያሉ። ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ኮለም ያዝ፦ ጥሬው ባይት፣ የተቀየረው አማርኛ፣ እና መፈለጊያ። ሦስተኛው ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ አንድ እንዲሆኑ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው አውርደህ የምትሞላው ነው። ሃና ሀ፣ ኣና አ ላይም እንደዚሁ አድርግ። በመፈለጊያው የተገናኙትን ግን በራስህ አንድ አታድርግ፤ ዝርዝሩን አትመህ መዝገቡን የሚያውቀው ሰው ይወስን። ሰውየው በጽሑፍ ያስገባውን ስም ማረም የስክሪፕት ሥልጣን አይደለም።

የማራኪዋ፦

ቀኑን እኔ ልቀጥል።

ዴት/ታይም ኮለም የሚያውቀው የፈረንጁን ካሌንደር ብቻ ነው። 13ኛ ወር የለውም፣ ወር 2 ላይም 30 የለውም። የኛን ቀን እንደወረደ የተቀበለ ፕሮግራም በዓመት ሁለት ቦታ ይጋጫል። ጥቅምት 30 (ፈረንጁ ሠግር ዓመት ካልሆነ 29ም ጭምር) አልገባም ይላል፤ ጸሐፊው ወይ ጥቅምት 28 ወይ ኅዳር 1 ብሎ ያልፋል። እነዚያ ቀኖች ላይ ክምር ታያለህ፣ ማስተካከያ የለውም፣ ማስታወሻ ያዝለት።

ጳጉሜን ግን ሳትጮህ ነው የምታሳስት። ቪዥዋል ቤዚክ 6 በቀን/ወር/ዓመት ሥርዓት «05/13/1996» ሲሰጠው 13 ወር ስለማይሆን ራሱ ገልብጦ ቀን 13፣ ወር 5 ያደርገዋል። ኤረር የለም። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ያለው 13/05/1996 ጥር 13 ሊሆን ይችላል፣ ጳጉሜን 5 ሊሆንም ይችላል። በዚሁ ሒሳብ 13/01 መስከረም 13 ወይም ጳጉሜን 1፣ 13/02 ጥቅምት 13 ወይም ጳጉሜን 2 እያለ ይሄዳል። 13/06 ላይ ጳጉሜን 6 የሚሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከቀረ ብቻ ነው፤ 1995፣ 1999፣ 2003 ላይ። በሌሎቹ ዓመታት 13/06 ሁሉ የካቲት 13 ነው፣ አትጠራጠር።

መለያው የሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቁጥር ነው። መስመሮቹን በደረሰኝ ቁጥር ደርድር፤ 13/05 የሚለው መስመር በነሐሴና በመስከረም ቁጥሮች መሐል ከተቀመጠ ጳጉሜን ነው፣ በጥር ቁጥሮች መሐል ከተቀመጠ ጥር ነው። በብዛት ብቻ አትፍረድ። ጎንደር ላይ ጥር 11ና 12 መጋዘን ስለማይከፈት ጥር 13 ራሱ ጥምቀት ያሳደረውን ሥራ ተሸክሞ ይበዛል።

ከዚህ በፊት ግን ኮለሙ በሙሉ የኛ አቆጣጠር መሆኑን ፈትሽ። ቀናቸው 31 የሆኑትን መስመሮች ቁጠር። እኛ ጋ 31 የሚባል ቀን ስለሌለ አንድም ቢገኝ ያ መስመር ከማሽኑ ሰዓት የተወሰደ የፈረንጅ ቀን ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም የገቢውን በእጅ አስገብቶ የወጪውን ከማሽኑ ይወስዳል። ዓመቱም የ7 ወይም የ8 ዓመት ዝላይ ያሳይሃል። ዓመቱ 1899 የሚል መስመር ካለ ሰዓት ብቻ የገባበት ነው፣ የጄት ዜሮ ቀን ዲሴምበር 30 ቀን 1899 እንደ ፈረንጆቹ ስለሆነ። የእያንዳንዱን ማሽን የሪጅናል ሴቲንግም እይ፤ አንዱ ወር/ቀን/ዓመት ላይ ከሆነ ከዚያ ማሽን የገቡት 12ና ከዚያ በታች የሆኑ ቀኖች በሙሉ ተገልብጠዋል።

ወደ ፈረንጁ መቀየሪያው አንድ መስመር ነው፦

ተራ = 2796 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × (ወር − 1) + (ቀን − 1)

ውጤቱን ለፓይተን «ፍሮምኦርዲናል» ስጠው። መፈተሻ፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ተራው 732931 ይሆናል፣ እሱም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ደግሞ 732930፣ ሴፕቴምበር 11። እነዚህ ሁለቱ ከወጡልህ ሠግሩም በትክክል ገብቷል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ከፓይተኑ ዴት ላይ ለየብቻ ነጥለህ ነው ወደ ቀመሩ የምታስገባው፤ ጳጉሜን ሲሆን ወር 13 አድርገህ፣ የተገለበጠውን ወር ደግሞ ቀን አድርገህ።

የአዘዞው መጋዘን፦

እህት ዓለም፣ በደረሰኝ ቁጥር ሲደረደር ጳጉሜኑ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። 31 የሚል የለም። ፎንቱንም አገኘሁት፣ ሰንጠረዡን እየሠራሁ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በየሳምንቱ በፍላሽ መመላለስ አልፈልግም፤ ላፕቶፑ ግን የኤክስፒውን ሼር ፎልደር ጨርሶ አያየውም። ፒንግ ያደርጋል።

ጃንተከል፦

ኤክስፒ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን (የዊንዶውስ የፋይል ሼር ቋንቋ የመጀመሪያ ቨርዥን) ብቻ ነው፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ1709 ቨርዥን ወዲህ ኤስኤምቢ 1ን ወይ ዘግቶ ይመጣል፣ ወይ ካልተጠቀሙበት ራሱ ያነሳዋል። ኢንተርኔት ላይ «ከዊንዶውስ ፊቸርስ ክፈተው» የሚሉህ ብዙ ናቸው፣ አትክፈተው። ኢንተርኔት የሚገባ ላፕቶፕ ላይ ያንን በር መክፈት ለራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ቫይረስ) ደጅ መክፈት ነው፤ ዋናክራይ የተባለው በ2017 እንደ ፈረንጆቹ የተዛመተው በዚያው በር ነው።

ዊንዶውስ 7ህ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል፣ እሱን አገናኝ አድርገው። እሱ ላይ አንድ ፎልደር ፍጠርና ለላፕቶፑ ለማንበብ ብቻ ሼር አድርግ። ታስክ ሼዱለር ላይ ሁሉም ምሳ በሚወጣበት፣ 6፡30 ላይ በለው (ማሽኑ ላይ 12፡30 ተብሎ ነው የሚሞላው)፣ አንድ አጭር ባች ፋይል ይሂድ፦ ኤልዲቢው ካለ ምንም ሳያደርግ ይውጣ፣ ከሌለ ፋይሉን በሮቦኮፒ (በዊንዶውስ የኮፒ ትእዛዝ) ይሳብ። ሮቦኮፒን «/አር:2 /ደብልዩ:5» ሳትለው አትተወው። በነባሪው አንድ ሚሊዮን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚሞክረው፤ ኤክስፒው ቢጠፋ እስከ ማታ ተንጠልጥሎ ታገኘዋለህ። አድራሻውም በማሽን ስም የሚጀምረው ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ ይሁን፣ እንደ ዜድ ያለ የድራይቭ ፊደል አይሁን፤ ታስኩ ማንም ሎግ ኢን ሳያደርግ ሲሄድ ያ ፊደል አይታየውም። ላፕቶፑ ላይም ታስኩ የሚጠራው የ32 ቢቱን ፓይተን መሆኑን ሙሉ አድራሻውን ጽፈህ አረጋግጥ፣ አለዚያ ወደ አይኤም002 ተመልሰህ ነው።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ደግሞ ስክሪፕቱ ሁለት ቁጥር ያወዳድር፦ ጄት ላይ ያለው የመስመር ብዛትና ኤስኪውላይት ላይ የገባው፣ እንዲሁም የኩንታልና የብር ድምር። ብሩ ከረንሲ ኮለም ከሆነ በዴሲማል ነው የሚመጣልህ፣ ወደ ፍሎት ሳትቀይር እስከ አራተኛው አሥርዮሽ አወዳድረው። ኩንታሉ ደብል ከሆነ ግን ልዩነቱ ከ0.001 በታች ከሆነ እለፈው።